ስትሪንግ ቲዎሪ በዳርክ ኢነርጂና በኢንፍሌሽን ላይ የሚጥላቸው ገደቦች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከመሠረታዊው ተነሥተው ወደ አወዛጋቢው ያመራሉ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳርክ ኢነርጂና ኢንፍሌሽን ምንድን ናቸው? ለምንስ አብረው ይነሣሉ?

ሁለቱም ዩኒቨርስ እየፈጠነ የሚሰፋባቸውን ዘመናት ይመለከታሉ። በ1998 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በጣም ሩቅ የሆኑ ሱፐርኖቫዎችን (የሚፈነዱ ከዋክብትን) ሲለኩ ብርሃናቸው ከተጠበቀው በላይ ደብዝዞ አገኙት። ይህም የዩኒቨርስ መስፋት በስበት ተይዞ እየዘገየ እንደማይሄድ፣ እንዲያውም እየፈጠነ እንደሆነ አሳየ። ለዚህ ግኝት ሶል ፐርልሙተር፣ ብራያን ሽሚትና አዳም ሪስ በ2011 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን አገኙ። መስፋቱን የሚያፈጥነው ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ዳርክ ኢነርጂ ተባለ፤ ዛሬ ከዩኒቨርስ ጠቅላላ ኢነርጂ ወደ 70 በመቶ የሚጠጋውን ይይዛል።

ኢንፍሌሽን ደግሞ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመታት በፊት፣ በዩኒቨርስ የመጀመሪያ ቅጽበት ተከሰተ የሚባለው እጅግ ፈጣን መስፋት ነው። አሌክሲ ስታሮቢንስኪ በ1980፣ አለን ጉት በ1981፣ ቀጥሎም አንድሬ ሊንዴ፣ አንድሪያስ አልብሬክትና ፖል ስታይንሃርት በ1982 ያቀረቡት ይህ ሐሳብ፣ ህዋ ከሰከንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ 10²⁶ ጊዜ ያህል ተለጠጠ ይላል። የሰማዩ ሙቀት በየአቅጣጫው ለምን ተመሳሳይ እንደሆነና ጋላክሲዎች ከምን እንደ በቀሉ የሚያስረዳው በዚህ መለጠጥ ነው። ሁለቱ ዘመናት በኢነርጂ መጠን እጅግ ቢራራቁም ከጀርባቸው ያለው ሒሳብ ተመሳሳይ ነው፤ በሁለቱም ህዋን የሞላ አዎንታዊ ኢነርጂ መስፋቱን ያፈጥናል። አንዱን የሚነካ ገደብ ሌላውንም የሚነካው ስለዚህ ነው።

ስትሪንግ ቲዎሪ እዚህ ውስጥ ምን አገባው?

አይንስታይን በ1917 በቀመሩ ላይ የጨመረው ኮስሞሎጂካዊ ቋሚ የሚባለው ቁጥር ለዳርክ ኢነርጂ ቀላሉ ማብራሪያ ነው፤ ባዶ ህዋ የራሱ የማይለወጥ ኢነርጂ አለው ማለት ነው። ሆኖም አጠቃላይ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ የዚህን ቁጥር ልክ አይወስንም፤ የተለካውን ማንኛውንም ዋጋ ተቀብሎ ያልፋል። የተለካው ዋጋ የስበትና የኳንተም ሕግጋት በሚገናኙበት መለኪያ ሲታይ 10⁻¹²² ያህል ነው። ለምን ይህን ያህል አነሰ የሚለው ጥያቄ በፊዚክስ ውስጥ ካሉት ከባድ ጥያቄዎች ግንባር ቀደሙ ይመስለኛል።

ስትሪንግ ቲዎሪ የተፈጥሮ መሠረታዊ አካላት የሚርገበገቡ ጥቃቅን ክሮች ናቸው የሚል ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ስበትንና ኳንተም መካኒክስን በአንድ ማዕቀፍ ያስተናግዳል። ንድፈ ሐሳቡ የሚሠራው 10 አውታሮች ሲኖሩ ነው። አራቱ የምናውቃቸው የቦታና የጊዜ አውታሮች ሲሆኑ ስድስቱ እጅግ ከመጠቅለላቸው የተነሣ አይታዩም። የእነዚህ ስድስት አውታሮች መጠንና ቅርጽ ለእኛ ዓለም እንደ መስክ፣ ማለትም በህዋ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የራሱ ዋጋ እንዳለው ነገር፣ ሆኖ ይገለጣል፤ እያንዳንዱ መስክም የራሱ ኢነርጂ አለው። ስለዚህ በስትሪንግ ቲዎሪ የባዶ ህዋ ኢነርጂ ከተጠቀለሉት አውታሮች ቅርጽ የሚወለድ እንጂ ተመራማሪው እንደ ፈቀደ የሚያስገባው ቁጥር አይደለም። ገደብ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የስትሪንግ ቲዎሪ መፍትሔዎች 10⁵⁰⁰ ከሆኑ ማንኛውም ዓይነት ዩኒቨርስ አይፈቀድም ወይ?

አይፈቀድም። አውታሮቹ የሚጠቀለሉባቸው መንገዶች 10⁵⁰⁰ ወይም ከዚያ በላይ እንደሆኑ ተገምቷል። በ2000 ራፋኤል ቡሶና ጆሴፍ ፖልቺንስኪ ይህ ብዛት የኮስሞሎጂካዊውን ቋሚ ማነስ ለማስረዳት እንደሚረዳ አሳይተው ነበር። የመፍትሔዎች መብዛት ግን ሁሉም ነገር ተፈቅዷል ማለት አይደለም። እስከ ዛሬ በጥንቃቄ የተሰሉት አብዛኞቹ መፍትሔዎች የባዶ ህዋ ኢነርጂያቸው ዜሮ ወይም አሉታዊ ነው። የእኛ ዩኒቨርስ የሚጠይቀው አዎንታዊ፣ የተረጋጋና እጅግ አነስተኛ ኢነርጂ ሲሆን፣ ይህን ሁሉ አሟልቶ ሁሉም የሚስማማበት መፍትሔ ግን ከሃያ ዓመታት በላይ ተፈልጎ አልተገኘም።

«ስዋምፕላንድ» የሚባለው ምንድን ነው?

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ኩምሩን ቫፋ በ2005 ያስተዋወቀው ስያሜ ነው፤ ቃሉ ረግረግ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ሲታዩ እንከን የሌለባቸው፣ ነገር ግን የኳንተም ስበትን ሲጨምሩባቸው የሚፈርሱ ንድፈ ሐሳቦች በረግረጉ ውስጥ ናቸው ይባላል። ከኳንተም ስበት ጋር ተስማምተው የሚቆሙት ደግሞ ደረቁን መሬት ይይዛሉ። የምርምሩ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለውን ወሰን ማስመር ሲሆን፣ እያንዳንዱ የወሰን ምልክት «ግምት» ይባላል።

ከእነዚህ ግምቶች አንዳንዶቹ ብዙ ድጋፍ አላቸው። ሂሮሲ ኦጉሪና ቫፋ በ2006 ያቀረቡት የርቀት ግምት አንድ መስክ ከፕላንክ ልክ (የስበትና የኳንተም ሕግጋት ከሚገናኙበት መለኪያ) በላይ ርቆ ሲጓዝ፣ ቀድሞ ከባድ የነበሩ ቅንጣቶች ክብደታቸው በፍጥነት እየቀነሰ ይሄዳል፣ የነበረውም ቀመር ዋጋ ያጣል ይላል። ይህ በበርካታ ስሌቶች ተፈትሾ ጸንቷል። ቀጥሎ የሚነሣው የዳርክ ኢነርጂ ግምት ግን ይህን ያህል መሠረት የለውም፤ ሁሉንም በአንድ ደረጃ ማየት አንባቢን ያሳስታል።

የ2018ቱ ግምት ስለ ዳርክ ኢነርጂ ምን ይላል?

በሰኔ 2018 ጆርጅስ ኦቢድ፣ ኦጉሪ፣ ሌቭ ስፖዲኔኮና ቫፋ አንድ ደፋር ሐሳብ አቀረቡ። የአንድን መስክ ኢነርጂ እንደ መልክአ ምድር ብናስብ፣ መስኩ ኳስ በተዳፋት ላይ እንደሚንከባለል ወደ ዝቅተኛው ኢነርጂ ያመራል። ኮስሞሎጂካዊ ቋሚ ማለት ኳሱ ከዜሮ በላይ በሆነ ሸለቆ ውስጥ አርፎ መቆሙ ነው። ግምቱ እንዲህ ያለ ሸለቆ የለም ይላል፤ ኢነርጂው አዎንታዊ በሆነበት ስፍራ ሁሉ ተዳፋት መኖር አለበት፣ የተዳፋቱም ልክ ከኢነርጂው ጋር ሲነጻጸር ወደ 1 ከሚጠጋ ቁጥር ማነስ የለበትም። ይህ እውነት ከሆነ ዳርክ ኢነርጂ ቋሚ ሊሆን አይችልም፤ በጊዜ ውስጥ ቀስ እያለ መለወጥ አለበት። እንዲህ ያለ ተለዋዋጭ ዳርክ ኢነርጂ ክዊንተሰንስ ይባላል፤ ሐሳቡም ከ1988 ጀምሮ በባራት ራትራ፣ በጄምስ ፒብልስና በክሪስቶፍ ቬተሪች ሥራዎች ሲጠና ቆይቷል።

በዚያው ሰሞን ፕራቴክ አግራዋል፣ ኦቢድ፣ ስታይንሃርትና ቫፋ ግምቱን ከልኬቶች ጋር አገናዘቡት። ልኬቶቹ የዛሬው ተዳፋት ከ0.6 ገደማ በላይ ቁልቁል እንዲሆን አይፈቅዱም፤ ከዚያ ካለፈ መስኩ ቶሎ ስለሚንከባለል የሚታየው የመስፋቱ መፍጠን አይገኝም። በሌላ በኩል፣ ስሌቶች በእርግጠኝነት ሊሠሩ በሚችሉበት የመልክአ ምድሩ ሩቅ ጠርዝ ላይ የሚገኙት ተዳፋቶች 1.4 ገደማና ከዚያ በላይ ናቸው። ስለዚህ ዩኒቨርሳችን በዚህ መልክአ ምድር ውስጥ ካለ፣ ያለው ስሌት በሚከብድበት በመካከለኛው ስፍራ ነው። ይህ ክፍተት ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፤ በእኔ እይታ ግን የጉዳዩ ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ እርግጠኞች ነን፣ ነገር ግን የምንኖረው እዚያ አይደለም።

ግምቱ ወዲያው ለምን ተሻሻለ?

ለመሠረታዊ ቅንጣቶች ክብደት በሚሰጠው በሂግስ መስክ ምክንያት ነው። በ2012 በአውሮፓ የቅንጣቶች ምርምር ማዕከል በሰርን ሕልውናው የተረጋገጠው የሂግስ መስክ ኢነርጂ፣ መስኩ ዜሮ በሆነበት ነጥብ ላይ ኮረብታ ይሠራል፤ በኮረብታው አናት ላይ ኢነርጂው አዎንታዊ ሲሆን ተዳፋቱ ግን ዜሮ ነው። የመጀመሪያው ግምት ይህን አይፈቅድም። ፍሬደሪክ ዴኔፍ፣ አርቱር ሄቤከርና ቲም ቭራዜ በ2018 ይህን ተቃርኖ አመለከቱ። በዚያው ዓመት ኦጉሪ፣ ኤራን ፓልቲ፣ ጋሪ ሹና ቫፋ ባቀረቡት የተሻሻለ ቅጂ፣ ኮረብታው በቂ ቁልቁለት ይዞ የሚታጠፍ እስከሆነ ድረስ አናት ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው መስኩ ሊያርፍበት የሚችል ሸለቆ ነው።

እነዚህ ገደቦች ኢንፍሌሽንን ለምን ያስጨንቃሉ?

የተለመደው የኢንፍሌሽን ሞዴል በጣም ለስላሳ የሆነ ተዳፋትን ይጠይቃል፤ መስኩ ቀስ ብሎ ካልተንከባለለ መለጠጡ ሳይጠናቀቅ ይቆማል። ከዩኒቨርስ የመጀመሪያ ዘመን ከቀረው ጥንታዊ የማይክሮዌቭ ጨረር የተገኙት ልኬቶች ይህን ልስላሴ በቁጥር ያስቀምጡታል። ኢንፍሌሽን የስበት ሞገዶችን እንደሚፈጥር ይጠበቃል፤ የሞገዶቹ ጥንካሬ ከቁስ መዋዠቅ ጋር ሲነጻጸር ከ0.036 እንደማይበልጥ በደቡብ ዋልታ የሚሠራው የባይሴፕና ኬክ ቡድን በ2021 አሳውቋል። በአንድ መስክ በሚሠሩ ቀላል ሞዴሎች ይህ ወደ ተዳፋት ሲተረጎም ከ0.07 ገደማ በታች ይሆናል። ወደ 1 የሚጠጋ ተዳፋት ከሚጠይቀው ግምት ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ከዐሥር እጥፍ ይበልጣል።

የርቀት ግምቱ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ዴቪድ ሊዝ ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ ባሳየው ስሌት መሠረት የስበት ሞገዶቹ 0.01 ወይም ከዚያ በላይ ጥንካሬ ካላቸው፣ የኢንፍሌሽን መስክ ወደ ፕላንክ ልክ የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚያልፍ ርቀት መጓዝ አለበት። የርቀት ግምቱ ይህን ጉዞ አደገኛ ያደርገዋል። ኢቫ ሲልቨርስታይንና አሌክሳንደር ቬስትፋል በ2008 መስኩ በተጠቀለለ መንገድ ደጋግሞ እየዞረ ረጅም ርቀት እንዲጓዝ የሚያስችል ሞዴል አቅርበዋል፤ ሞዴሉ የርቀት ግምቱን ምን ያህል እንደሚያመልጥ ግን አሁንም ይጠናል።

በጣም ጠንካራው ገደብ የመጣው በ2019 ነው። አሌክ በድሮያና ቫፋ፣ በመጀመሪያ ከፕላንክ ርዝመት፣ ማለትም ከ1.6 × 10⁻³⁵ ሜትር ያነሱ መዋዠቆች፣ በዩኒቨርስ መስፋት ተለጥጠው ወደሚታይ መጠን ማደግ የለባቸውም አሉ። ብርሃን ሊደርስበት ከሚችለው አድማስ አልፈው ከቀሩ፣ ምንም ንድፈ ሐሳብ የሌለንበት ዓለም አሻራ በሰማይ ላይ ይታያል ማለት ነውና። ከሮበርት ብራንደንበርገርና ከማሪሌና ሎቨርዴ ጋር ባደረጉት ስሌት፣ ከኢንፍሌሽን በኋላ ያለው ታሪክ የተለመደው ከሆነ፣ የኢንፍሌሽን ኢነርጂ ከ10⁹ ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ መብለጥ የለበትም። የስበት ሞገዶቹም ጥንካሬ ከ10⁻³⁰ በታች ይሆናል፤ ይህን ያህል ደካማ ሞገድ ደግሞ በየትኛውም በታቀደ መሣሪያ አይታይም።

ታዲያ ኢንፍሌሽን ስህተት ነው ማለት ነው?

አይደለም። ልኬቶቹ ለኢንፍሌሽን ጠንካራ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የመዋዠቆቹ ጥንካሬ በትልቅና በትንሽ ርቀት እንዴት እንደሚለያይ የሚገልጸው፣ የፕላንክ ሳተላይት የለካው ቁጥር 0.965 ሲሆን፣ ከ1 በጥቂቱ እንዲያንስ ቀላል ሞዴሎች አስቀድመው ይጠብቁ ነበር። ግምቶቹ የሚሉት ኢንፍሌሽን ከኖረ ሠሪው ከተለመዱት ሞዴሎች የተለየ መሆን አለበት ነው፤ ብዙ መስኮች አብረው የሚንቀሳቀሱበት፣ ወይም መስፋቱ በየደረጃው እየቆመ እንደገና የሚጀምርበት ሊሆን ይችላል። ስታይንሃርትን ጨምሮ አንዳንድ ተመራማሪዎች ኢንፍሌሽንን ትተው ዩኒቨርስ ቀድሞ ይኮማተር ነበር የሚሉ አማራጮችን ያጠናሉ፤ ይሁንና ከእነዚህ መካከል የኢንፍሌሽንን ያህል ተቀባይነት ያገኘ የለም።

የስትሪንግ ቲዎሪ ተመራማሪዎች በዚህ ይስማማሉ?

በፍጹም አይስማሙም። በ2003 ሻሚት ካችሩ፣ ሬናታ ካሎሽ፣ ሊንዴና ሳንዲፕ ትሪቬዲ አዎንታዊ ኢነርጂ ያለው የተረጋጋ ሸለቆ የሚሠራበትን መንገድ አሳይተዋል። መጀመሪያ አውታሮቹ በመስኮች ፍሰትና በኳንተም ውጤቶች ተይዘው አሉታዊ ኢነርጂ ባለው ሸለቆ ይረጋጋሉ፤ ከዚያም በተጨማሪ የኢነርጂ ምንጭ ሸለቆው ከዜሮ በላይ ይነሣል። ክርክሩ ያለው በዚህ በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፤ የሚጨመረው ነገር ቀድሞ የተረጋጋውን ያናጋዋል የሚሉ አሉ፣ ችግሩ ይፈታል የሚሉም አሉ።

በ2024 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ሊያም ማካሊስተርና ባልደረቦቹ ይህን መንገድ ተከትለው በግልጽ የተሰሉ እጩ መፍትሔዎችን አቀረቡ። ያልተሰሉ የእርማት ክፍሎች ስላሉ ራሳቸው «እጩ» ብለው ጠርተዋቸዋል። ይህ ጥንቃቄ ያስመሰግናል። የ2018ቱ ግምት ትልቁ ጥቅምም ይህ ይመስለኛል፤ ለዓመታት እንደ ተሠራ ተቆጥሮ የነበረውን ሥራ ሰዎች መስመር በመስመር እንዲመረምሩት አስገድዷል።

የዴሲ ውጤት ስትሪንግ ቲዎሪን አረጋገጠ?

አላረጋገጠም፤ ነገር ግን ጉዳዩን ከወረቀት ወደ ሰማይ አውጥቶታል። ዴሲ በአሪዞና ኪት ፒክ ተራራ ላይ ባለው የ4 ሜትር የሜያል ቴሌስኮፕ ላይ የተተከለ መሣሪያ ሲሆን፣ በ5,000 የመስታወት ክሮች አማካይነት የ5,000 ጋላክሲዎችን ብርሃን በአንድ ጊዜ ይተነትናል። ጥንታዊ የድምፅ ሞገዶች በጋላክሲዎች አቀማመጥ ላይ የተዉትን የታወቀ ርቀት በየዘመኑ እየለካ የመስፋቱን ታሪክ ያወጣል። በመጋቢት 2025 ከ14 ሚሊዮን በላይ ጋላክሲዎችንና ኳሳሮችን የያዘ ውጤት ይፋ ሆነ። የዴሲ መረጃ ለብቻው ከኮስሞሎጂካዊ ቋሚ ጋር ይስማማል፤ ከማይክሮዌቭ ጨረርና ከሱፐርኖቫ ልኬቶች ጋር ሲጣመር ግን እየተዳከመ የሚሄድ ዳርክ ኢነርጂን ይመርጣል። ምርጫው በየትኛው የሱፐርኖቫ ስብስብ እንደ ተጠቀሙ ከ2.8 እስከ 4.2 ሲግማ (ውጤቱ የአጋጣሚ ላለመሆኑ መለኪያ) ይደርሳል። ለግኝት የሚጠየቀው 5 ሲግማ ነው።

በውጤቱ ውስጥ አንድ አስቸጋሪ ነጥብ አለ። የዳርክ ኢነርጂ ግፊት ከኢነርጂው ጋር ያለው ምጣኔ ለኮስሞሎጂካዊ ቋሚ −1 ነው፤ ለተንከባላይ መስክ ከ−1 ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። የዴሲ ጥምር ውጤት ግን ምጣኔው ዛሬ ከ−1 በላይ፣ ቀደም ባለው ዘመን ደግሞ ከ−1 በታች እንደነበር ያመለክታል። ቀላል ክዊንተሰንስ ይህን አያስረዳም። አንዱ አማራጭ መስኩ ሲንከባለል የዳርክ ማተር (በስበቱ ብቻ የሚታወቀው የማይታይ ቁስ) ቅንጣቶች ክብደትም አብሮ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ይህን ሳያውቅ የሚለካ ሰው ከ−1 በታች የሆነ ምጣኔ ያየ ይመስለዋል። መስክ ሲጓዝ ቅንጣቶች ይቀልላሉ የሚለው የርቀት ግምት ይህን መንገድ ይደግፋል። ቢሆንም ተለዋዋጭ ዳርክ ኢነርጂን የሚፈቅዱ ከስትሪንግ ቲዎሪ ውጭ የሆኑ ሞዴሎች ብዙ ስለሆኑ፣ የውጤቱ መጽናት ለስትሪንግ ቲዎሪ ብቻ የሚቆጠር ድል አይሆንም።

በቤተ ሙከራ ሊፈተሽ የሚችል ነገርስ አለ?

አንድ አለ። በ2022 ሚጌል ሞንቴሮ፣ ቫፋና አይሪን ቫለንዙዌላ የርቀት ግምቱን በዳርክ ኢነርጂ ማነስ ላይ ሲተገብሩ፣ ከተጠቀለሉት አውታሮች አንዱ ከሌሎቹ እጅግ የሰፋ፣ ወደ ማይክሮሜትር የሚጠጋ መሆን አለበት ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። ይህ እውነት ከሆነ በዚያ ርቀት ላይ የኒውተን የስበት ሕግ ይለወጣል። በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ2020 የተደረገው ሙከራ ሕጉ እስከ 52 ማይክሮሜትር ድረስ እንደሚጸና አሳይቷል፤ በዚህም ሊኖር የሚችለው አንድ ትልቅ አውታር ከ30 ማይክሮሜትር በታች እንዲሆን ተወስኗል። የቀረው ርቀት አጭር ቢመስልም፣ በእንዲህ ያለ ቅርበት ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ኃይሎች ስበትን ስለሚሸፍኑት ሥራው እጅግ አድካሚ ነው።

ምን ቢታይ እነዚህ ግምቶች ይወድቃሉ?

ይህ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም በአንድ ዓይነት አይወድቁም። የጃፓን የጠፈር ድርጅት በ2030ዎቹ ሊያመጥቀው ያቀደው ላይትበርድ ሳተላይት፣ ወይም በቺሊ ያለው የሲሞንስ ኦብዘርቫቶሪ፣ 0.01 አካባቢ ጥንካሬ ያላቸውን የኢንፍሌሽን ስበት ሞገዶች ቢያይ፣ የበድሮያና የቫፋ ገደብ በተለመደው የዩኒቨርስ ታሪክ ውስጥ መቆም አይችልም። የተቃራኒው ውጤት፣ ማለትም ሞገዶቹ አለመታየታቸው፣ ለገደቡ ድጋፍ አይሆንም፤ ደካማ ሞገድ የሚያመነጩ ሌሎች ሞዴሎች ብዙ ናቸውና።

የዳርክ ኢነርጂው ግምት ግን ለስላሳ ጠርዝ አለው። ዩክሊድ ሳተላይት፣ የሩቢን ኦብዘርቫቶሪና ዴሲ ምጣኔውን በከፍተኛ ትክክለኛነት −1 ላይ ቢያጸኑት፣ የሚፈቀደው ተዳፋት እየጠበበ ይሄዳል፤ ወደ 1 መጠጋት አለበት የተባለው ቁጥር ወደ 0.1 ከዚያም ወደ 0.01 ሲወርድ ግምቱ ትርጉሙን እያጣ ይመጣል። ነገር ግን ግምቱ ቁጥሩን በትክክል ስላልወሰነ፣ የትኛው ልኬት ላይ እንደ ወደቀ አድርገን እንደምንቆጥረው ስምምነት የለም። ቁጥሩን ከንድፈ ሐሳቡ ራሱ ማውጣት፣ በተለይም ስሌት በሚከብድበት በመካከለኛው ስፍራ፣ የስትሪንግ ቲዎሪ ተመራማሪዎች ያልተወጡት የቤት ሥራ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ ቴሌስኮፖቹ የሚሰጡት መልስ ምንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ የሚመዘንበት ጥያቄ ራሱ ገና አልጠራም።